በኅዳር ጽዮን የተጣደ ጎማ

ኅዳር 3፣ ዓርብ፣ ቢቸና

የሙከራ መንገዱን ቦታ ዛሬ ተረከብን። ከቢቸና ወጣ ብሎ ወደ ደብረ ወርቅ የሚወስደው ዳገት፣ ሦስት መቶ ሜትር። ያረጀ የመኪና ጎማ ይፈጫል፣ ፍርፋሪው ከጋለ ሬንጅ ጋር ይቀቀላል፣ ከጠጠር ጋር ተደባልቆ አስፋልት ይሆናል። ቶሎ የማይሰነጠቅ፣ ብርድም ሙቀትም የማይበግረው መንገድ። ይህን ሁሉ ለከተማው ሽማግሌዎች በስላይድ ሳስረዳ አንደኛው እጃቸውን አወጡና «ጎማ በጎማ ላይ ሊሄድ ነው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ዓመት ያጠናሁትን ነገር በአምስት ቃል ጨረሱት።

መርሐ ግብሩን ያወጣሁት እኔው ነኝ። አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት በፈረንጅ ቀን ይሠራል፣ የቀን ሠራተኛው በእኛ ቀን፤ እኔ መሐል ቆሜ አስተረጉማለሁ። አስፋልቱ የሚነጠፈው በእነሱ ዲሴምበር 1 ነው። በዚህ ወቅት ከፈረንጁ ቀን ዘጠኝ መቀነስ ነው፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ነገር፤ ዲሴምበር 1ን እንደ ኖቬምበር 31 ቆጥሮ፣ ኅዳር 22 ይሆናል። ሆን ብዬ የመረጥሁት ቀን ነው። በዋዜማው ኅዳር ጽዮን ናት፤ በማርያም ቀን በዚህ አገር አካፋ የሚያነሳ የለም። ከእኔ በፊት የነበረው መሐንዲስ በሚካኤል ዕለት ሠራተኛ ጠርቶ ብቻውን ፀሐይ ሲሞቅ ዋለ አሉ። ምስኪን። የአገሩን በዓል የማያውቅ ሰው ለምን እንደሚልኩ አይገባኝም። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ።

መርሐ ግብሩን ግድግዳ ላይ ስለጥፍ ጋሽ ባንተአምላክ አጠገቤ ቆመው ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፣ ላቦራቶሪም ያግዙኛል። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብም ተምረዋል፣ በዓላትን የሚያሰሉበትን ትምህርት ማለት ነው።

«ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው እኮ፣ ኢንጂነር» አሉኝ። «ጳጉሜን ስድስት ሆና ስላለፈች ገና በሃያ ስምንት ይውላል።»

«ዶሮዋ እንደሆን በሃያ ስምንትም በሃያ ዘጠኝም አትተርፍም» አልኋቸው።

ሳቁልኝ። ደግ ሰው ናቸው።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ፣ ሞጣ

የራዲያ ወፍጮ ላይ ዋልሁ። ወፍጮ ይሉታል፤ የሚፈጨው ጎማ ነው። ማሽኑ የመሥሪያ ቤታችን ነው፣ ለሙከራው ጊዜ በውሰት የተሰጣት። ራዲያ ገበያ ላይ የነበራትን የልብስ ሱቅ ዘግታ ሰባት ሴቶች ሰብስባ ገባችበት። ሽቦውን በእጃቸው ነቅለው፣ ጎማውን በቢላ ቆራርጠው፣ ፈጭተው፣ ነፍተው በጆንያ ያስረክባሉ። ፍርፋሪውን ላቦራቶሪ ወስጄ መረመርሁት፤ እንከን ፈልጌ አጣሁ። እንከን ማጣት ለእኔ ሥራ አይመችም።

አባቷ ጋሽ አብዱልሐኪም በር ላይ ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት ከጎማ በረባሶ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመት ያከማቹትን ጎማ ሁሉ ለልጃቸው ሰጥተዋታል፤ ስለዚህ አሁን መዶሻ ይዘው የሚመቱት የላቸውም።

«አንዱ የአይሱዙ ጎማ ብዙ ሰው ያጫማ ነበር» አሉኝ። «አንተ ዘንድ ስንት ሜትር ይሄዳል?»

አሰላሁ። «ሁለት ሜትር ያህል።»

«ሁለት ሜትር!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ራዲያ፣ ሰምተሻል? በእኔ ጫማ ሰዉ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለስ ነበር።»

ራዲያ እየሳቀች ሸኘችኝና መኪናው ጋ ስንደርስ ሳቋን አቆመች። ሙከራው ከተሳካ ማሽኑ ሞጣ ይቀራል፣ የመንገዱ ሁሉ ጎማ ከእሷ ይገዛል። ካልተሳካ ማሽኑ ተጭኖ ይመለሳል፣ ሰባቱም ሴቶች ወደ ቤታቸው። «በአንተ እጅ ነው፣ ኢንጂነር» አለችኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲባልልኝ ደስ ይለኛል።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

ጠጠር መጣ። መሥፈሪያው ተሰበረ። መሥፈሪያው ተጠገነ። ጠጠሩ አነሰ። የሚነበብ ማስታወቂያ ለጠፍሁ፦ «ኅዳር 22 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሁሉም ሠራተኛ ይገኝ።» በትልቁ።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

በትንሽ ድስት ሞከርነው። ጎማው በሬንጁ ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቀቀል ያብጣል፣ ድብልቁ ይወፍራል፤ የምንፈልገው ያንን ነው። እሳት ላይ ከቆየ ግን ይሟሟል፣ እንደገና ይቀጥናል። መለኪያው ከ15 በታች ካሳየ ውድቅ። «ከተቀቀለ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይ» የሚል መመሪያ ጻፍሁ፣ ከሥሩ አሰመርሁበት፣ ፈረምሁ። ፊርማዬ ከመመሪያው ይበልጣል።

የማርፍባት አክስቴ እትዬ ይርጋነሽ፣ ማታ ቤት ስገባ አፍንጫዋን ይዛ «ልብስህን ደጅ አውልቅ፤ መንግሥት የሰይጣን ወጥ ያሠራህ ጀመር?» አለችኝ።

ኅዳር 20፣ ሰኞ፣ ሞጣ

የመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ትናንት ቢቸና ገብተዋል። እኔ የርክክቡን ወረቀት ለማስፈረም መጥቼ እዚሁ አድራለሁ፤ ነገ በዓል ስለሆነ የሚያጣድፈኝ የለም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሀብተ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል። «ዝግጁ ነው?» አለ። «ዝግጁ ነው» አልሁ። «እንግዲህ ነገ እንገናኛለን» ብሎ ዘጋው። ነገ በዓል መሆኑን ለዋና መሥሪያ ቤት ማን ይንገራቸው? ከተማ የሚኖር ሰው የሚያውቀው እሑድን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የማሞቂያው ታንከር ሠራተኛ ፋንታ ደወለ። «ሌሊት እሳቱን ልለኩስ ወይ?»

«ፋንታ፣ መርሐ ግብር ለምን ተለጠፈ? በመርሐ ግብሩ መሠረት ሥራ።»

«እሺ» አለ። የሚታዘዝ ሠራተኛ እንዴት ደስ ይላል።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ

ረፋድ 4 ሰዓት። ከመኪናዬ መስኮት ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ አየሁ። መንገዱ በነጭ ልብስ ተሞልቷል፤ ሰዉ ከማርያም እየተመለሰ ነው። ማን ምን አቃጠለ ብዬ አሰብሁ። ማንም ይሁን፣ አዘንሁለት።

5 ሰዓት። አቶ ሀብተ ሥላሴ ነጭ ቆብ አድርጎ ቆሟል። ሁለት አማካሪዎች አብረውት ነጭ ቆብ አድርገው ቆመዋል። ማንጠፊያው ማሽን ቆሟል። ሮለሩ ቆሟል። አስራ አምስት ቶን ድብልቅ ታንከሩ ውስጥ ይፈላል። ሠራተኛ የለም። አንድም!

«ሰዉ የታለ?» አለኝ አቶ ሀብተ ሥላሴ።

«ዛሬ ጽዮን ማርያም ናት…»

«ዛሬ ዲሴምበር አንድ ነው! ቀኑን የመረጥህ አንተ አይደለህም?»

8 ሰዓት። ፋንታ የሠራው በፈረንጁ ቀን በተጻፈው መርሐ ግብር ነው። ሠራተኛው የቀረው በእኔ ማስታወቂያ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ሰው ብቻ ነው የተሳሳተው። ጋሽ ባንተአምላክ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ መጥተው መርሐ ግብሩን አዩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኢንጂነር፣ ጳጉሜን ስድስትን ዘነጓት እኮ። ዘንድሮ የሚቀነሰው አስር ነው» አሉኝ። አማካሪዎቹ እንዳይሰሙ ነው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ። ጠዋት እኔ ሳልደርስ፣ ጋሽ ባንተአምላክ ከቅዳሴ ወጥተው ጭሱን ሲያዩ፣ ገና ትኩስ ሆኖ ናሙና ቀድተው ለክተውታል፤ ማንም ሳያዛቸው። 24። እንከን የለሽ። ትርፉን በጣሳ ከድነው በእጃቸው «ኅዳር 21» ብለው ጽፈው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ድብልቁን መድፋት እችል ነበር። መመሪያው ድፉ ይላል፤ የማን መመሪያ እንደሆነ አልጽፍም። አቶ ሀብተ ሥላሴ «እስከ ነገ ሙቀቱን ጠብቁ» አለ፣ እኔ ለፋንታ «እስከ ነገ ሙቀቱን ጠብቅ» አልሁት። ማስተርጎም ሥራዬ ነው።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ

ሠራተኛው በ12 ሰዓት ሙሉ። በሰዓቱ! አንድ ሰው አልጎደለም።

መለኪያው 9 አሳየ። ደግሜ ለካሁ። 9።

አቶ ሀብተ ሥላሴን ጥግ ወስጄ ነገርሁት። «አማካሪዎቹ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ» አለኝ። «የትናንቱ ስንት ነበር?»

«ሃያ አራት።»

«ያው ታንከር አይደለም?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ሃያ አራት በለዋ፣ ኢንጂነር ስጦታው።»

24 ብዬ ጻፍሁ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ ተለክቷል። ያዛወርሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ባንተአምላክ ፎርሙን ተቀብለው አዩት፣ አጠፉት፣ ፋይሉ ውስጥ አስገቡት።

አስፋልቱ ሲነጠፍ እንዴት ያምራል! ፎቶ ተነሣን። እኔ መሐል ነኝ።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

ራዲያ ደወለች። ፎቶውን አይተውታል። ሴቶቹ በየስልካቸው አድርገው ለሰፈሩ ሁሉ ያሳያሉ አለች። «አባቴ እንኳ ‹ወላሂ የሐር ጨርቅ ይመስላል› አለ።» አመሰገንኋት። እንቅልፍ ግን እንጃ፣ በዚህ ሰሞን ጎድሎብኛል። የአክስቴ አልጋ ጠንካራ ነው።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

በቀትር መንገዱ ያብለጨልጫል። ሬንጁ ወደ ላይ እየወጣ ነው። አዲስ መንገድ ትንሽ ያልበዋል ብዬ ለሠራተኞቹ አስረዳሁ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዲግሪ አለኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

የጭነት መኪኖቹ ዳገቱን ቀስ ብለው ሲወጡ ጎማቸው መንገዱን አረሰው። የምር አረሰው፤ ሁለት ቦይ። ቀትር ላይ የገበያተኛ አህያ ቆመች፤ አልሄድም ያለች መስሏቸው ደበደቧት። ለካ ኮቴዋ ተይዟል። አንድ ገበሬ ከአይሱዙ ሊሸሽ ሲሮጥ አንደኛው በረባሶው እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለት ጊዜ ጎተተው፣ ተወው፣ በአንድ እግሩ ጫማ ወደ ገበያው ሄደ። በአጠገቤ ያለፈች ሴት ለጓደኛዋ «ይሄን የሠራ ሰው ደመወዝ ይበላል እኮ» አለች። ቆብ አላደረግሁም ነበር፤ አላወቀችኝም።

አፈርሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

አቶ ሀብተ ሥላሴ መጣ፣ አየ፣ መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባ። በመስኮት «ችግሩ ጎማው ነው» አለኝ። «ከሞጣ የመጣው ጎማ ጥራት የለውም። ሪፖርቱን አንተ ታዘጋጃለህ። የሙከራው ኮሚቴ ጥር 2 ይወስናል፤ ማሽኑን የሚያነሣ ክሬን ከወዲሁ እንዲያዝ ነግሬያለሁ።»

«የጎማው ምርመራ ንጹሕ ነበር» አልሁት።

«ታዲያ ምንድን ነው? እኔ ነኝ በለኛ!»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደ ሳቅሁ አላውቅም።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

ራዲያና አባቷ ከሞጣ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ጋሽ አብዱልሐኪም ዳገቱን እያዩ ወጡ፣ የቀረው በረባሶ ጋ ሲደርሱ ተንበረከኩ። ከኪሳቸው ቢላ አውጥተው ዙሪያውን ፋቁ፣ አላቀቁት፣ ገልብጠው አዩት።

«የእኔ ሥራ ነው» አሉ። «ሚስማሩን ሁለት ሁለት አድርጌ የምመታው እኔ ነኝ። ይሄ ስድስት ሰባት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።» ባዶ እጃቸውን መንገዱ ላይ አሳረፉ፤ ጥቁር ሆኖ ተነሣ። «ያው ጎማ ነው፣ ልጄ። እኔ ጋ ሰባት ዓመት ቆየ። እናንተ ጋ ሦስት ሳምንት። ምን አደረጋችሁት?»

አልተቆጡም። እንዲያው መጠየቃቸው ነበር፤ አንድ ባለሙያ ሌላውን እንደሚጠይቅ።

ራዲያ ግን ዓይን ዓይኔን ነው የምታየው። «ሽቦ ቀርቶበት ነበር? አፈር ነበረው? ከእኛ ከሆነ ንገረኝ። ሴቶቹ ይጠይቁኛል፤ አንዷማ የእኔ ጆንያ ይሆናል እያለች ታለቅሳለች።»

«እየተጠና ነው» አልኋት።

እየተጠና ነው! ይህን ቃል የፈጠረው ሰው እንደ እኔ ያለ ሰው መሆን አለበት። አንዲት ሴት ሞጣ ተቀምጣ በእኔ ጥፋት ታለቅሳለች፣ እኔ «እየተጠና ነው» እላለሁ። ከዚያ ሻይ ጋበዝኋቸው። ሻዩን ጠጡልኝ። ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

ታኅሣሥ 19፣ ማክሰኞ

ጋሽ ባንተአምላክ ከገብርኤል መልስ ቢሮ ጎራ አሉ። መደርደሪያውን ሲያስተካክሉ ቆዩና ጣሳዋን አንሥተው «ይቺ ትጣል ወይስ ትቀመጥ?» አሉ።

«ትቀመጥ።»

«እንግዲያው ቀኗን ላስተካክላት? ፋይሉ ላይ ሃያ ሁለት ነው የሚለው።»

ፊታቸውን አየሁት። ፌዝ የለበትም። በእርግጥ ትእዛዝ እየጠበቁ ነው። እኔ ከማዘዝ ከእግራቸው ሥር ብገባ በወደድሁ።

«እንዳለች ትቀመጥ» አልኋቸው።

«ደግ» ብለው መልሰው አኖሯት፤ ጽሑፏን ወደ እኔ አዙረው።

ታኅሣሥ 25፣ ሰኞ

ሪፖርቱ አለቀ። አስራ ሁለት ገጽ። «የአካባቢው ያገለገለ ጎማ ባሕርይ ከሬንጁ ጋር ያለው አለመጣጣም።» ግራፍ አለው። ባለ ቀለም ነው። እንዴት ያለ ጥሩ ጸሐፊ ወጥቶኛል! ጳጉሜን የምትለዋ ቃል አንድም ቦታ የለችም። አልፈረምሁም ገና፤ እስክሪብቶ ጠፍቶብኝ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አራት እስክሪብቶ አለ።

ታኅሣሥ 28፣ ሐሙስ፣ ገና

ዛሬ በሃያ ስምንት ገና ዋለ። አክስቴ ዶሮዋን በልኩ ቀን አርዳለች። እረኛው ያውቃል፣ ባለጠላዋ ታውቃለች፣ ፊደል ያልቆጠሩት የአክስቴ ጎረቤት ያውቃሉ። በቢቸና ወረዳ ጳጉሜን ስድስትን የረሳ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለእሱም ከፍለው አስተምረውታል።

ራዲያ ደወለች። «እንኳን አደረሰህ» አለች፣ አክስቴንም አስጠርታ እንኳን አደረሰዎ አለቻት። ከዚያ «ሴቶቹ ሰኞ ይግቡ ወይስ ይቅሩ? ክሬን ታዟል የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ይግቡ» አልሁ። ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን መመለስ አልፈለግሁም።

ዶሮው አልወረደልኝም። አክስቴ «ያ ሬንጅ ሆድህ ገባ እንዴ?» አለችኝ። ነገርኋት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሰማችኝና «እና ሰባት ሴት በአንተ ኀፍረት ልትባረር ነው?» አለች። ሳህኑን አነሣች።

ታኅሣሥ 29፣ ዓርብ

አስራ ሁለቱን ገጽ ቀደድሁት። በምትኩ ይህን ጻፍሁ፦

«ለሙከራው ኮሚቴ። መንገዱ የተበላሸው በጎማው አይደለም። የቀን አቆጣጠር በመሳሳቴ ድብልቁ ከሃያ አራት ሰዓት በላይ እሳት ላይ ቆየ። ኅዳር 22 የተለካው 9 ሲሆን እኔ የኅዳር 21ን ውጤት ጻፍሁበት። ከሞጣ የመጣው ፍርፋሪ ንጹሕ ነበር፤ ማስረጃ የሚሆን ናሙና በጣሳ ተያይዟል።»

ስለ አቶ ሀብተ ሥላሴ ልጨምር ብዬ ነበር። ተውሁት፤ የጻፈው የእኔ እጅ ነው። ፈረምሁ። ፊርማዬ ዛሬ ትንሽ ሆነብኝ።

ቀን ልጽፍበት ስል እጄ ቆመ። ጋሽ ባንተአምላክን ጠራሁ።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«በማን?»

«በሁለቱም።»

ነገሩኝ። እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው፤ በእጃቸው ጻፉልኝ።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ውሳኔው መጣ። ማሽኑ ሞጣ ይቆያል። ሙከራው ከጥምቀት በኋላ ይደገማል፣ ቀኑን የሚያወጡት ጋሽ ባንተአምላክ ናቸው። እኔ ከፊርማ ታግጃለሁ፤ ጉዳዬም «እየተጠና ነው»። ቃሉን አወቅሁት። መኪናውን አስረክቤያለሁ።

ራዲያ ደወለች። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ አይ እኔ። «ያን ቀን ሻዩን ስታጠጣን ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

ስልኩን የዘጋች መሰለኝ። ከዚያ የአባቷ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ መኪናህን ወሰዱት አሉ?»

«ወሰዱት፣ ጋሽ አብዱልሐኪም።»

«እግርህ ስንት ቁጥር ነው?»

«አርባ አንድ» አልኋቸው። ይህን እንኳ አልተሳሳትሁም።